ለጠመንጃ መነጽር 900 ዶላር? ኧረ ተው!



ዛሬ ርዕሴ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ቴክሳስ ገጠር ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መሬት ተከራይቶ ፍየል ያረባል፤ ለበዓል ለሐበሻው ያቀርባሉ። ችግራቸው ኮዮቲ ነው። ኮዮቲ የቀበሮና የተኩላ ዘመድ ነው፤ ከ9 እስከ 20 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ ግልገል ለመብላት ግን ከበቂ በላይ ነው። ልጁ ቱ ትዌንቲ ስሪ (.223) የሚባለውን ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ ገዝቷል። የቀረው መነጽሩ ነው። ሱቅ ሲገባ ሻጩ እስከ 24 እጥፍ የሚያቀርብ፣ 900 ዶላር የሚያወጣ አሳየው። ከጎኑ ደግሞ 200 ዶላር የማይሞላ፣ እስከ 9 እጥፍ ብቻ የሚያቀርብ ተቀምጧል። «ቲቸር፣ ልዩነቱ የምር ነው ወይስ ሊበሉኝ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ።

ለሱ መልሼለታለሁ። ግን በዚህ ዓመት ብቻ ሦስተኛው ጠያቂ ስለሆነ (አንዱ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ግራውንድሆግ የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ጎመኑን ጨርሶበታል) በአደባባይ ልጻፈው ብዬ ነው።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ፍየል ለሚጠብቅ ሰው ከ150 እስከ 300 ዶላር ባለው ውስጥ የሚገኝ፣ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ፣ ፊቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ ደህና መነጽር ይበቃዋል። መቶ ዶላር ጨምሮ ባይኖኩላር ይግዛ። የተረፈው ገንዘብ አጥር ላይ ይዋል። በቃ።

«ቲቸር፣ አንተ ስለ ጠመንጃ ምን አገባህ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጠመንጃ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። ጠመንጃው ላይ የሚቀመጠው ነገር ግን ቴሌስኮፕ ነው። ቴሌስኮፕ ደግሞ አሥረኛ ክፍል ጂኦሜትሪካል ኦፕቲክስ ነው። ብላክቦርድ ላይ ስስለው እናንተ መስኮት መስኮቱን ስታዩ የነበረው ማለት ነው።

እስቲ ሥዕሉን አስታውሱት። ፊት ያለው ትልቁ ሌንስ ኦብጀክቲቭ ይባላል፤ ሥራው ብርሃን መሰብሰብ ነው። ዓይን ጋ ያለው አይፒስ ነው፤ የተሠራውን ምስል አጉልቶ ያሳያል። ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱም ሌንሶች ኮንቬክስ የሆኑበትን ቴሌስኮፕ አስረዳ። የዚህ ቴሌስኮፕ ልዩ ነገር ምስሉ ቱቦው ውስጥ ማረፉ ነው። ምስሉ ባረፈበት ቦታ ላይ ቀጭን ክር ብትዘረጋ ክሩም ምስሉም እኩል ጥርት ብለው ይታያሉ። ጋሊልዮ በተጠቀመበት ዓይነት ግን ይሄ አይሆንም፤ ምስሉ ቱቦው ውስጥ አያርፍምና። ዊልያም ጋስኮይን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ሰው ይሄን የተረዳው በ1630ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ሸረሪት ቴሌስኮፑ ውስጥ ድር አድርታ ድሩ ጥርት ብሎ ሲታየው ነው ይባላል። ዛሬ በጠመንጃ መነጽር ውስጥ የምታዩት መስቀል የዚያ የሸረሪት ድር የልጅ ልጅ ነው። (ይሄን ታሪክ ክፍል ውስጥ ነግሬያችሁ ያልሳቀ ተማሪ አልነበረም።)

እሺ፣ ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

ሻጭ ሁሉ የሚጮኸው የማቅረቢያውን ቁጥር ነው። 9፣ 16፣ 24፣ 32። ስልክ ስትገዙ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ እንደሚጮኹባችሁ ማለት ነው። ቁጥር ለመሸጥ ይመቻል። ጥራት ግን በቁጥር አይጻፍም፣ ቢጻፍም ትንሽ ፊደል ላይ ነው።

አሁን ቀላል የማካፈል ሒሳብ እንሥራ። የፊቱን ሌንስ ስፋት በማቅረቢያው ቁጥር አካፍሉት። የምታገኙት ከአይፒሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ ኤግዚት ፒዩፕል ይሉታል። መነጽሩን ክንድ ያህል አርቃችሁ ወደ ብሩህ ግድግዳ ብትይዙት አይፒሱ ላይ እንደ ትንሽ ሳንቲም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለ 40 ሚሊሜትሩ 9 ላይ ሲሆን 4.4 ሚሊሜትር ይሰጣል። 6 ላይ ስታደርጉት 6.7። ባለ 50 ሚሊሜትሩ ውዱ መነጽር 24 ላይ ሲሆን 2.1 ብቻ።

የዓይናችን ብሌን ቀን ላይ በጠራራ ፀሐይ 2 እና 3 ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች። ሲመሽ ትከፈታለች፤ በወጣትነት እስከ 7 ትደርሳለች፣ ዕድሜ ሲገፋ ያንሳል። እንግዲህ ሲመሽ ዓይንህ 6 ሚሊሜትር በር ከፍቶ እየጠበቀ፣ መነጽሩ በ2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብርሃን ሲያንጠባጥብለት ምን ይታይሃል? ጨለማ። ስፋቱን በስኩዌር አስሉት፣ ልዩነቱ ከእጥፍም በላይ ብዙ ነው።

ኮዮቲስ መቼ ነው የሚመጣው? አብዛኛውን ጊዜ ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። በረትህን አይቶ የሚመጣ እንጂ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ አይደለም።

«24ቱን ወደ 6 ዝቅ አደርገዋለሁ» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ዝቅ ይላል። ታዲያ 24ቱን ለምን ከፈልክበት? ደግሞም ከ6 በታች አይወርድም። አውሬው 40 ሜትር ላይ ከቁጥቋጦ ብቅ ብሎ ሲሮጥ የሚያስፈልግህ 3 ነው። ባለ 3-9 መነጽር 9 ላይ ሲሆን መቶ ያርድ ላይ 4 ሜትር ገደማ ስፋት ያሳይሃል። 24 ላይ ግን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ፍየል እንኳ ራሷና ጅራቷ ነው የሚገባው። አውሬው ሁለት እርምጃ ቢራመድ ጠፋብህ፤ ፈልገህ እስክታገኘው እሱ አጥር ዘሏል።

በዚያ ላይ የሚጎላው አውሬው ብቻ አይደለም። የእጅህ መንቀጥቀጥ ይጎላል፣ የልብ ምትህ ይጎላል፣ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ይጎላል። ክረምት ከበጋ የምትጋግረው የቴክሳስ መሬት ላይ እኩለ ቀን ቢሆን፣ በ24 የምታየው ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ምስል ነው። አስፋልት ላይ ቀትር ላይ ውሃ የሚመስለውን ነገር አስቡት።

ፍትሐዊ ልሁን። ውድ መነጽር ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው አላልኩም። አሜሪካ ውስጥ ቫርሚንት አደን የሚሉት የቆየ ነገር አለ፤ ሰብልና ከብት የሚያጠፉ እንስሳትን ከርቀት መምታት ማለት ነው። በዳኮታና በዋዮሚንግ ሜዳ ላይ ፕሬሪ ዶግ የሚባለውን የፍልፈል መጠን ያለው እንስሳ ከ300 ያርድ በላይ የሚመቱ ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አስደግፈው፣ በቀን ብርሃን ነው የሚሠሩት። ዒላማው ትንሽ ነው፣ አይሮጥም፣ ብርሃን ሞልቷል። ለነሱ 18ም 24ም ሥራ ይሠራል። ለቨርጂኒያው ባለ ጎመን እንኳ፣ ግራውንድሆጉ ቀን ላይ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ስለሚታይ፣ 12 ቢኖረው አልቃወምም። የኔ ነጥብ ሻጩ ለፕሬሪ ዶግ የተሠራውን ለፍየል ጠባቂ እየሸጠ ነው የሚል ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። እዚህ ላይ ፈጠን ብላችሁ እንዳታልፉ።

ሰው ትልቅ ቁጥር የሚገዛው ለምንድነው? ብዙ ጊዜ ለማነጣጠር ሳይሆን ለማየት ነው። «ያ የሚንቀሳቀሰው ምንድነው? ኮዮቲ ነው ወይስ ውሻ?» ብሎ መነጽሩን ያነሳል። መነጽሩ ግን ብቻውን አይነሳም፤ ጠመንጃውም አብሮ ይነሳል። ምን እንደሆነ ገና ወዳላወቅከው ነገር አፈሙዝ አዞርክ ማለት ነው። ያ ነገር የጎረቤት ውሻ ሊሆን ይችላል። ጥጃ ሊሆን ይችላል። አጥር የሚያይ ጎረቤት፣ ወይም ማታ ፍየል ልታስገባ የወጣች የጓደኛህ ሚስት ልትሆን ትችላለች። ከመቶ ሜትር ላይ በምሽት ብርሃን፣ ጎንበስ ያለ ሰው ሰው አይመስልም።

ስለዚህ ለማየት ባይኖኩላር፣ ለማነጣጠር የጠመንጃ መነጽር። ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ሥራ። መቶ ዶላር አካባቢ የሚሸጥ 8×42 ባይኖኩላር ሒሳቡ 5.25 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ ለምሽት ግሩም ነው። በሁለት ዓይን ታያለህ፣ ሰፊ ቦታ ታያለህ፣ በማንም ላይ አፈሙዝ ሳታዞር የፈለግከውን ያህል ጊዜ ታያለህ። ባይኖኩላር አንገትህ ላይ ሳይኖር ጠመንጃ ይዘህ አትውጣ ብዬዋለሁ። በባይኖኩላር ለይተህ ያላወቅከውን በመነጽር አትፈልገው። ካልታወቀ ይለፍ፤ ግልገል ይተካል።

ደግሞ የ.223 ጥይት ካልተያዘ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከአውሬው ጀርባ አፈር፣ ጉብታ፣ አቀበት ከሌለ አይተኮስም። ይሄን የትኛውም መነጽር አይነግርህም። እንዲያውም ብዙ የሚያቀርበው ይባስ ይደብቅሃል፤ አውሬውን ብቻ እንጂ ከጎንና ከኋላ ያለውን አያሳይምና።

ይሄን ከተስማማን የርካሹን መነጽር አመራረጥ በአጭሩ።

አንደኛ ነገር መስታወቱ ላይ ያለው ሽፋን ነው፣ ኮቲንግ። ያልተሸፈነ መስታወት በእያንዳንዱ ፊቱ 4 በመቶ ገደማ ብርሃን ወደኋላ ይመልሳል። መነጽር ውስጥ ብዙ ሌንሶች ስላሉ አሥር ፊት ብንቆጥር፣ 0.96ን አሥር ጊዜ ስታባዙት 0.66 ይመጣል። አንድ ሦስተኛው ብርሃን መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው! ይሄን ችግር አሌክሳንደር ስማኩላ የሚባል የዛይስ ኩባንያ ሳይንቲስት በ1935 መስታወቱን በስሱ በመሸፈን አቃለለው። ዛሬ ብዙ ንብርብር ሽፋን ያለው ደህና ሌንስ በአንድ ፊት ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ያጠፋል፤ ያንኑ ማባዛት ብትሠሩ 95 በመቶው ያልፋል። ሳጥኑ ላይ «ፉሊ መልቲ ኮትድ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ትርጉሙ ሁሉም ፊት በብዙ ንብርብር ተሸፍኗል ማለት ነው። «ኮትድ» ብቻ ካለ አንዱን ፊት ቀብቶ ዝም ሊል ይችላል። አንዷ ቃል ከ24 ቁጥር ትበልጣለች።

ሱቅ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ መብራቱ ሥር አትሞክሩት። ሱቅ ውስጥ ሁሉም መነጽር ብሩህ ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ መነጽሩን ብቻውን ይዛችሁ (ጠመንጃ ላይ ሳይታሰር) በር ላይ ውጡ፣ የሚቻል ከሆነ አመሻሽ ላይ፤ ጥላ ውስጥ ያለ ነገር ተመልከቱ። የመኪና ታርጋ፣ የዛፍ ቅርፊት። ጫፍ ጫፉ ይደበዝዛል? የነገሩ ዳር ሐምራዊ ይመስላል? ርካሹና ውዱ የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ፓራላክስ። አውቶቡስ ውስጥ ከጎን ተቀምጣችሁ የሾፌሩን የፍጥነት ቆጣሪ ስታዩ ቀስቱ ሌላ ቁጥር ላይ ያለ ይመስላል አይደል? እሱ ነው። ዓይንህ ከመሐል ሲወጣ መስቀሉ ዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ርካሽ መነጽሮች ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ ላይ ለመቶ ያርድ ተስተካክለው ነው የሚመጡት፣ የማስተካከያ ጎማ የላቸውም። ያስጨንቃል? ባለ 40 ሚሊሜትሩ ሌንስ 200 ያርድ ላይ ዓይንህ በጣም ዳር ቢሆን እንኳ ስህተቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለኮዮቲ ምንም ማለት አይደለም። ለፕሬሪ ዶግ በ400 ያርድ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ያኔ ትስታለህ። ለዚህም ነው የጎን ማስተካከያ ላለው ተጨማሪ መቶ ዶላር አትክፈል የምለው። ለ50 ያርድ የተስተካከሉ፣ ለትንሿ .22 የተሠሩ መነጽሮች ግን አሉና ሳጥኑን አንብቡ።

ሦስተኛ፣ መስቀሉ። ዳር ዳሩ ወፍራም፣ መሐሉ ላይ ቀጭን የሆነውን ተራውን ውሰዱ። ሲመሽ ወፍራሙ ዓይንን ወደ መሐል ይመራል። እንደ ገና ዛፍ ነጥብና ሰረዝ የሞላበትን ተዉት። በአብዛኞቹ ርካሽ መነጽሮች ማቅረቢያውን ስትቀያይሩ የነጥቦቹ ትርጉምም ይቀየራል፤ በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ነው ልክ የሚሆኑት።

ዋስትናም አለ። ሊዮፖልድና ቮርቴክስን የመሳሰሉ ታዋቂ ኩባንያዎች የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ቮርቴክስ ከሌላ ሰው የተገዛ አሮጌ ቢሆን እንኳ ይቀበላል። ይሄ ማለት ያገለገለ መግዛትም ያዋጣል። የታወቀ ስም ይዞ በግማሽ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ «አዲስ» ግን አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከታወቀ ሻጭ ግዙ።

በነገራችን ላይ፣ ወረቀት። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ፣ በጉብኝት ወይም በመሳሰለው ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ጠባብ ከሆኑ ልዩ ሁኔታዎች (ለምሳሌ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ) በስተቀር የጓደኛውን ጠመንጃ መያዙ እንኳ የፌዴራል ወንጀል ነው። «የኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ ነው» አያድንም። እርሻው ላይ ከምትረዱት መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካለ ባይኖኩላሩን ስጡት። የአውሬው ሕግ ደግሞ በየግዛቱ ይለያያል፤ የግዛቱን የዱር እንስሳት ቢሮ ጠይቁ። ለአጎቴ ላምጣለት ብላችሁ መነጽሩን ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ ቦሌ እንዳትመጡ! አገር ቤት ስለ ጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ።

ገንዘቡን እንደምደው። መነጽሩ 200፣ ጠንካራ መያዣ ቀለበት 40፣ ባይኖኩላር 100። ከ900ው 560 ዶላር ተረፈ። በዚህ ገንዘብ በረቱን ማታ ማታ መዝጊያ የሚሆን የኤሌክትሪክ አጥር መጀመር ይቻላል። ወይም ጠባቂ ውሻ። ቴክሳስ ውስጥ ግሬት ፒሬኒስ የሚባሉትን ትልልቅ ነጭ ውሾች ከግልገልነት ጀምረው ከፍየል ጋር ያሳድጓቸዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኹ ይጠብቃሉ። ጠመንጃ የሚሠራው አንተ ነቅተህ፣ እዚያው ቆመህ፣ ብርሃን ኖሮ፣ ጀርባው ጉብታ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ውሻና አጥር አንተ ስትተኛም ይሠራሉ። አያቶቻችን ግልገል ማታ እናቷ ጎን በረት ውስጥ የሚያስሩት መነጽር ስላልነበራቸው ብቻ አይደለም።

አሁን ገዝተህ ከመጣህ በኋላ ያለው ሥራ። ርካሽ መነጽር ተበላሸ ከሚባለው ብዙው መያዣው የላላ ነው። ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ በሰያፍ፣ በመመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ አጥብቅ፤ ከልክ በላይ ያጠበቀ ቱቦውን ይጨፈልቃል። ዓይንህ ከአይፒሱ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንዲርቅ አድርገህ እሰረው፤ ቀረብ ካደረግከው ጠመንጃው ወደኋላ ሲመታ ቅንድብህን ይፈነክታል።

ከዚያ በ200 ያርድ አስተካክለው። በተለመደው ቀላል የ.223 ጥይት እንዲህ ሲሆን መቶ ያርድ ላይ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ 200 ላይ ልክ ይሆናል። ከቅርብ እስከ 200 ያርድ ድረስ ምንም ሳትነካካ መሐሉ ላይ ታነጣጥራለህ። 300 ላይ ግን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ያ የኮዮቲን ልብና ሳንባ አልፎ እግር የሚያቆስል ርቀት ነው። እግሩ የተሰበረ አውሬ ሦስት ቀን እየተጎተተ ይሞታል። ስለዚህ ከ200 በላይ አትተኩስ። ይሄን ወሰን ስታስቀምጥ 24 እጥፍ የሚለው ነገር ራሱ ትርጉም ያጣል፤ 200 ያርድ በ9 ሲታይ 22 ያርድ እንዳለ ያህል ነውና። 22 ያርድ ላይ ውሻ ከፍየል የማይለይ ካለ ዓይኑን ይታከም።

የመጨረሻው የቤት ሥራ ይቺ ናት። መነጽሩን የምትመልስበት ቀን ሳያልፍ፣ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ላይ፣ መቶ ያርድ ላይ ካርቶን ስቀል። ሦስት ጥይት ተኩስ። ቀጥሎ ማስተካከያውን 20 ቀጭታ ወደ ላይ አዙር፣ እዚያው መሐል ላይ አነጣጥረህ ሦስት ተኩስ። 20 ወደ ቀኝ፣ ሦስት። 20 ወደ ታች፣ ሦስት። 20 ወደ ግራ፣ ሦስት። አንዷ ቀጭታ መቶ ያርድ ላይ 7 ሚሊሜትር ገደማ ስለምታንቀሳቅስ፣ ካርቶኑ ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ካሬ ማየት አለብህ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀዳዳዎችም የመጀመሪያዎቹ ላይ መመለስ አለባቸው። ካሬው ከተጣመመ ወይም ካልተዘጋ፣ ደረሰኝህን ይዘህ ወደ ሱቁ።